ሳይቃጠል በቅጠል፦ ፋይሎቻችንም ዕድር ያስፈልጋቸዋል

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፦

እንደሚታወቀው ዕድራችን ድንኳን አለው፤ ወንበር አለው፤ ትልልቅ ድስትና ብርጭቆ አለው። እነዚህን ዕቃዎች እያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው ይግዛ ቢባል አብዛኛው አቅሙ አይፈቅድለትም፤ የሚፈቅድለትም ቢሆን በዓመት አንዴ እንኳ ለማይፈልገው ዕቃ ገንዘቡን አያፈስም። አባቶቻችን ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው የጋራ የሆነውን በጋራ መግዛትን አስተምረውናል። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ላቀርበው የፈለግሁት ሐሳብም ከዚሁ ልማድ የወጣ ነው። ይኸውም ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተመካክሮ አንድ የጠረጴዛ የሃርድ ዲስክ ዶክ ይግዛ፣ በወር አንድ ቅዳሜም ነዋሪው የኮምፒውተር ፋይሉን የሚገለብጥበት ቀን ሆኖ ይወሰን የሚል ነው።

«ዶክ ደግሞ ምንድነው?» የሚል አይጠፋም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ዶክ ማለት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሣጥን ናት። ከላይዋ እንደ ዳቦ መጥበሻ ክፍት ናት፤ በዚያ ክፍት ውስጥ ሃርድ ዲስኩን ያለ ምንም ማቀፊያ በቁሙ መሰካት ነው። በአንድ ገመድ ከሶኬት ኤሌክትሪክ ታገኛለች፤ ዩኤስቢ በሚባለው በሌላው ገመድ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር ትገናኛለች። ያን ጊዜ ዲስኩ ልክ እንደ ፍላሽ ሆኖ በኮምፒውተሩ ላይ ይታያል። የአንዱ ሥራ ሲያልቅ የእሱ ዲስክ ይነቀላል፣ የሌላው ይሰካል። አንዲት ሣጥን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ዲስክ በየተራ ታስተናግዳለች ማለት ነው። ዲስኩ የየራሳችን፣ ሣጥኗ የጋራ። ዋናው ጥቅሟ ይኸው ነው።

ሌላም ጥቅም አላት። በየቤታችን አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጣ፣ «ሞቷል» ተብሎ የተተወ ዴስክቶፕ ወይም ላፕቶፕ አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት ግን ዲስኩ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፓወር ሳፕላዩ፣ ማዘር ቦርዱ ወይም ስክሪኑ ነው፤ ዲስኩ በውስጡ እንደተኛ ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብሎኑን ፈትቶ ዲስኩን አውጥቶ ዶኳ ላይ ቢሰኩት፣ ከዓመታት በፊት ጠፋ የተባለ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመጣል በፊት መሞከር አይሻልም ትላላችሁ?

አሁን እስቲ በነዚህ ዲስኮች ላይ ያለው ሀብት ምን እንደሆነ እናስብ። ከዕድራችን ልጀምር። የአባላቱ ስም ዝርዝር፣ የየቤተሰቡ ተረጂዎች ስም፣ ማን እስከ መቼ እንደ ከፈለ፣ ማን ምን ያህል ውዝፍ እንዳለበት የተጻፈው ድሮ በወፍራም ደብተር ላይ ነበር። አሁን ያለው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፈለው ያንን መዝገብ አይቶ ነው። እንግዲህ መዝገቡ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ያችን ሐዘንተኛ «ባለቤትሽ መዋጮውን ይከፍል ነበር ወይ? ደረሰኝ ይኖርሻል?» ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። ይኼ በደንባችን ላይ ባይጻፍም በሰውነታችን ነውር ነው።

ከዕድሩ ወደ ቤታችን ስንገባም ነገሩ ያው ነው። የልጅ ክርስትና፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ እናትና አባት ድምፅ፣ የቤት ካርታና የውል ቅጂ፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የባለ ሱቁ የዱቤ መዝገብ፣ የልብስ ሰፊዋ የደንበኞች ልክ ሁሉ ያለው በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ ነው። የአዲስ አበባን ለውጥ ደግሞ እንጨምርበት። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ብዙ ነባር ሰፈሮች መልካቸው ተቀይሯል፤ ብዙ ሰውም ከጎረቤቱ ተለያይቶ ሩቅ ሰፈር ገብቷል። አጥሩ፣ በሩ፣ ቡና የተጠጣበት በረንዳ ዛሬ ያለው ፎቶግራፉ ላይ ብቻ ነው። ፎቶግራፉ ከጠፋ ለልጅ ልጅ «እዚህ ነበርን» ብሎ የሚያሳዩት ነገር አይኖርም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሀብት የተሸከመው ዕቃ ምን ያህል ጠንካራ ነው? በውስጡ የሚሽከረከር ሰሐን ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። የተጻፈውን የሚያነበው ጫፍ ከሰሐኑ በላይ የሚንሳፈፈው ከጠጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ነው። እየዞረ ሳለ ልጅ ቢገፋው ወይም ከጠረጴዛ ቢወድቅ ያ ጫፍ ሰሐኑን ይቧጭራል፤ የተቧጨረው ቦታ ላይ የነበረው ጽሑፍም ሄደ። ሰው ባይነካውም ዕቃ ነውና ያረጃል። መብራት ሄዶ በድንገት ሲመጣ የኃይሉ መዋዠቅ ያቃጥለዋል። ከየቦታው የመጣ ፍላሽ ሲሰካበት ቫይረስ ይገባዋል። ሌባ ላፕቶፑን ከነቦርሳው ይወስደዋል። ሌባው የሚፈልገው ላፕቶፑን ነው፤ የሚያስለቅሰን ግን በውስጡ ያለው ነው።

መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቅጂ ነው። ነገር ግን ቅጂ የሚባለው ሁሉ ቅጂ አይደለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ አጥብቄ መናገር የምፈልገውም ይህንኑ ነው። አንድን ፋይል እዚያው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ፎልደር ማስቀመጥ ቅጂ አይደለም፤ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ የሚውልና የሚያድር ዲስክም ግማሽ ቅጂ ነው፤ ቫይረሱም የመብራቱም ጣጣ ሁለቱን እኩል ያገኛቸዋል። እውነተኛ ቅጂ ማለት ተገልብጦ የተነቀለ፣ ከቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ የተቀመጠ፣ ተከፍቶም የታየ ነው። ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ማስረጃ እንዲሆነን ከሰፈራችን ትንሽ ራቅ ብለን በሌላው ዓለም የደረሰውን እንመልከት፤ «ብልህ ከሰው፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል» ይባል የለ።

የመጀመሪያው ስለ መንቀል ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2017 ኖትፔትያ የሚባል አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ በዓለም ላይ ተዛመተ። ከተጎዱት አንዱ ሜርስክ የሚባለው የዴንማርክ ታላቅ የመርከብ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ የኮምፒውተሮቹን ሁሉ ማውጫ የያዙ 150 ያህል ዋና ኮምፒውተሮች በልዩ ልዩ አገሮች ነበሩት፤ አንዱ የሌላውን ቅጂ ይይዛል ተብሎ ታስቦ ነው። ነገር ግን ሁሉም እርስ በርስ የተገናኙ ስለነበሩ ሁሉም ባንድነት ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የጋናው። ለምን ቢባል፣ እንደተዘገበው በዚያች ሰዓት ጋና መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒውተሩ ከመረቡ ተቋርጦ ነበር! ያ ዲስክ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ድርጅቱ ሥራውን መልሶ እንዲያቋቁም ረዳው። መብራት ሲጠፋ ስናማርር ለምንኖር ሰዎች ይህ የሚያስቅ ታሪክ ነው። ትምህርቱ ግን የሚያስቅ አይደለም፤ ከ150 የተገናኙ ቅጂዎች ይልቅ አንድ የተነቀለ ቅጂ በለጠ።

ሁለተኛው ስለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2021 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የሚገኝ፣ ኦቪኤች የተባለ ኩባንያ የኮምፒውተር ማዕከል በእሳት ተቃጠለ። ከደንበኞቹ መካከል ቅጂያቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ነበሩ፤ ዋናውም ቅጂውም አብሮ ነደደባቸው። እንግዲህ የአውሮፓ ማዕከል የሚቃጠል ከሆነ የኛ ቤት ሳሎን ምን ዋስትና አለው?

በዚህ ረገድ በገዛ አገራችን የተሠራ መልካም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀምሮ ነበር። በዚሁ ሥራ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሥተው፣ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው ቅጂ በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት እዚያ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ያ ዘመን ብዙ የመከራ ዓመታትን ያስተናገደ ነበር፤ ብራና ደግሞ ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ በአይጥ ይበላል። ዋናው አንድ ነገር ቢደርስበት እንኳ ሩቅ አገር የተቀመጠው ምስል ይመሰክራል። ሊቃውንቱ ለብራናው ያሰቡትን እኛ ለዕድር መዝገባችን ብናስብ ምን ይከብደናል? የኛ «ኮሌጅቪል» ሌላ ሰፈር ያለች የእኅታችን ቤት ልትሆን ትችላለች።

ሦስተኛው ስለ መፈተሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፒክሳር የተባለው የካርቱን ፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠራ ሳለ፣ በስሕተት በተሰጠ አንድ የማጥፊያ ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ከኮምፒውተሩ ተሰረዘ። «ግድ የለም፣ ቅጂ አለን» ብለው ሲከፍቱት ቅጂው በትክክል ሲሠራ አልቆየም ነበር። ማንም ከፍቶ አላየውማ! ሥራውን ያዳነችው ጋሊን ሳስማን የተባለች ባልደረባቸው ናት፤ አራስ ስለነበረች ከቤቷ ሆና እንድትሠራ የፊልሙን ቅጂ ቤቷ አስቀምጣ ነበር። ፊልሙም በ1999 ለተመልካች ቀረበ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ «እኔ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ አስቀምጣለሁ፤ ዶክ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ ብዙ ወጣቶች እንዳሉ አውቃለሁ። አነጋገራቸው ፍሬ የለውም አልልም፤ ሩቅ ቦታ መቀመጡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ በተለመደው መንገድ ቴሌግራም ላይ ሲላክ ይጨመቅና ጥራቱ ይቀንሳል። ካልተከፈለበት ደግሞ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም፤ የሠርግ ቪዲዮ ሙሉውን አይገባም ማለት ነው። ሲም ካርዱ የጠፋበትና የስልክ ቁጥሩ ለሌላ ሰው የተሰጠበት ሰውስ ምን ይዋጠው? ጉግልም ቢሆን በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የግል አካውንትን መሰረዝ ጀምሯል። ከዚህም በላይ ኢንተርኔቱ ራሱ ይቋረጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ሁለቱ ይደጋገፉ እንጂ አንዱ በሌላው አይተካ ባይ ነኝ። አንዱ ቅጂ በኢንተርኔት፣ ሌላው በዲስክ ይሁን።

«ፍላሽስ?» ለሚሉም መልስ አለ። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም፤ ትንሽ ናት፣ ከኪስ ትወድቃለች፣ ከቤት ቤት ስትዞርም ቫይረስ ይዛ ትመለሳለች።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የምሥጢር ጉዳይ ነው። «የቤቴን ገመና ማኅበር ቤት ወስጄ ላሳይ?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ፍርሃቱ ትክክል ነው። ስለሆነም አሠራሩ ከመጀመሪያው ይህን ፍርሃት የሚያስወግድ መሆን አለበት። ሰው የራሱን ላፕቶፕና የራሱን ዲስክ ይዞ ይመጣል፤ ራሱ ይሰካል፣ ራሱ ይነቅላል፣ ይዞ ይሄዳል። በማኅበሩ እጅ የማንም ፋይል አይቀርም። ማኅበሩ የሚያውሰው ሣጥኗን፣ ጠረጴዛውንና የሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ ነው። ድንኳን ያዋሰ ዕድር በድንኳኑ ውስጥ የተወራውን አይጠይቅም እኮ!

ለውይይት እንዲሆን የሚከተለውን ደንብ አቀርባለሁ፦

1ኛ/ ዶኳ በማኅበሩ ንብረት መዝገብ ትመዝገብ፤ ኀላፊነቱን የሚወስዱ ሁለት ሰዎች ይመረጡ። አንዱ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት፣ ሌላው ቁልፍ የሚይዝ አዋቂ ቢሆን መልካም ነው።

2ኛ/ በወሩ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የቅጂ ቀን ይሁን። ተራ በስም ይያዝ። በስልካቸው ላይ ብቻ ፎቶግራፍ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር የሚያዛውርላቸው ወጣት ይመደብ። በተለይ ለእናቶችና ለአረጋውያን ቅድሚያ ይሰጥ።

3ኛ/ ዲስክ ከመሰካቱ በፊት ኮምፒውተሩ የቫይረስ ፍተሻ ይደረግለት። የታመመ ኮምፒውተር ታክሞ እስኪመጣ ዶኳን አይንካ።

4ኛ/ ሁልጊዜ «ኮፒ» ይባል፤ «ከት» አይባል። «ከት» ያሉት ነገር ከነበረበት ይነሣል፤ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ጣጣ ነው።

5ኛ/ ግልበጣው ሲያልቅ ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ፋይል ተከፍቶ ይታይ። ሳይታይ «ጨረስኩ» የሚል አይኑር።

6ኛ/ ዲስኩ ከመነቀሉ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ በሥርዓት ይሰናበት፤ ሰሐኑ መዞሩን እስኪያቆም ትንሽ ይጠበቅ። ከዚያ ወረቀት ተለጥፎበት ቀኑ ይጻፍበት።

7ኛ/ የዕድሩ መዝገብ በሁለት ዲስኮች ይገልበጥ። አንዱ በሊቀ መንበሩ፣ ሌላው ከሰፈሩ ውጭ በሚኖር ታማኝ አባል ቤት ይቀመጥና በየወሩ ይቀያየሩ። ሁለቱም በይለፍ ቃል ይቆለፉ፤ ቬራክሪፕት የሚባለው ፕሮግራም ይህን በነጻ ያደርጋል። የይለፍ ቃሉንም ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው፤ ሟች ይዞት እንዳይሄድ።

8ኛ/ በየስድስት ወሩ የአባላቱ ዝርዝር በወረቀት ይታተም። ወረቀት መብራት አይፈልግም።

የግዥ ኮሚቴው እንዳይሳሳት ስለ ዕቃው ትንሽ ልጨምር። አንደኛ፣ ዶኳ ትልቁንም ትንሹንም ዲስክ የምትቀበል ትሁን፤ ትልቁ የዴስክቶፕ 3.5 ኢንች፣ ትንሹ የላፕቶፕ 2.5 ኢንች ነው። ትልቁ ዲስክ ባለ 12 ቮልት ኃይል ስለሚፈልግ የራሷ አዳፕተር ያላት መሆን ይገባታል። በጣም የቆዩት ሰፊ ገመድ ያላቸው ዲስኮችና ኤም.2 የሚባሉት የአዲሶቹ ላፕቶፖች ቀጫጭን ዲስኮች በተለመደችው ዶክ ላይ አይሰኩም፤ ይህን አውቆ መግዛት ነው።

ሁለተኛ፣ ዩኤስቢ 3 ትሁን። ይኼ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ ሒሳቡ ግልጽ ነው። 500 ጊጋባይት ፋይል በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ሲገለበጥ በተግባር በሰከንድ 35 ሜጋባይት ያህል ስለሚሄድ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዩኤስቢ 3 ግን ዲስኩ ራሱ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ አንድ ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሰው ብቻ ከማስተናገድና አምስት ስድስት ሰው ከማስተናገድ መምረጥ ነው። የኮምፒውተሩም ቀዳዳ ዩኤስቢ 3 መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ደግነቱ ረጅሙ የመጀመሪያው ግልበጣ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ወር የሚገለበጠው አዲስ የተጨመረው ስለሆነ በደቂቃዎች ያልቃል።

ሦስተኛ፣ አንዳንድ አሮጌ ዶኮች ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነ ዲስክ አያውቁም፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ይነበብ። ዲስኩም ፋት32 በሚባለው አሠራር የተሰናዳ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ «ቪዲዮው እምቢ አለኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ቢሆን ይሻላል። ይሁን እንጂ ዲስክ እንደ አዲስ ሲሰናዳ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ባዶ ሳለ ነው የሚደረገው።

አራተኛ፣ ሁለት ዲስክ ባንድ ጊዜ የሚቀበሉና ያለ ኮምፒውተር በአንድ ቁልፍ ብቻ አንዱን በሌላው ላይ የሚገለብጡ ዶኮች አሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ያስፈራሉ። ቁልፏ ስትጫን የሁለተኛው ዲስክ የነበረ ጽሑፍ በሙሉ ይጠፋና በመጀመሪያው ይተካል። ባዶውን ዲስክ በዋናው ቦታ የሰካ ሰው ባዶነትን በሀብቱ ላይ ይገለብጣል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ማኅበር ባለ አንድ ቀዳዳዋ ትበቃለች እላለሁ።

አምስተኛ፣ ዶኳ ልጅ በማይደርስበትና ቡና በማይቀዳበት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ። ከመብራት መዋዠቅ የሚከላከል ዲቫይደር ወይም ስታብላይዘር ይገዛላት፤ ሥራ ሲያልቅም ከሶኬት ትነቀል። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ከመጣ ደጋግሞ መሞከር መጨረሻውን ማፋጠን ስለሆነ ወዲያው አጥፍቶ ወደ ባለሙያ መላክ ነው።

ውድ ጎረቤቶች፣ ነገሩን ለመቋጨት ያህል፣ በዚች ሣጥንና በዕድር ድንኳን መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ድንኳን የሚተከለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ይጠቅማል፣ ሐዘንተኛ ያስጠልላል። ዶክ ግን ዲስኩ ከሞተ በኋላ ብትመጣ ምንም አትፈይድም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለቀብር ተጠርቶ የማይቀር ሰፈር፣ ለቅጂ ቀን ተጠርቶ «ሥራ በዛብኝ» እያለ ቢቀር የገዛነው ሣጥን አቧራ ከመጠጣት አያልፍም። ስለዚህ የምንወስነው ዕቃ መግዛትን ብቻ ሳይሆን ልማድ መትከልንም ነው። ዕድር መዋጮ በየወሩ እንደሚከፈለው ሁሉ ቅጂም በየወሩ ይደረግ።

ሐሳቡን የምትደግፉም የምትቃወሙም በጉባኤው ዕለት ተገኝታችሁ ተናገሩ። የተሻለ ሐሳብ ያለው ቢመጣ እሰየው። ያላችሁን አሮጌ ዲስክና የሞተ ኮምፒውተር ግን እስከዚያ ድረስ ለቆራሌው እንዳትሸጡት አደራ እላለሁ፤ የእናታችሁ ድምፅ በውስጡ ሊኖር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ